በግዝት የቆመ ጨዋታ

ቢቸና፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለቀሲስ ሀብተ ሥላሴ፤ ሞጣ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ ወለተ ገብርኤልስ? ትንሿ አርሴማስ በጤና አለች? እኔ ታላቅ እኅትዎ ስርጉት፣ ድምፅዎን ከመናፈቅ በቀር አንድም የጎደለኝ ነገር የለም፤ ቡራኬዎ ይድረሰኝ።

ይኸው አንድ አንቀጽ ሙሉ አንቱ አልሁህ፤ ከዚህ በላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ፊት ሲሆን አንቱ ነህ፤ መስቀልህንም እሳለማለሁ። በደብዳቤ ግን አፍንጫህን የጠራረግሁልህ ሀብቴ ነህ። ቅር ካለህ ለንስሐ አባቴ ክሰሰኝ።

ይርጋነሽን «ምን ሆና ነው ደብዳቤ ልጽፍ ነው ያለችው? ታማለች? ልታገባ ነው?» እያልህ እንዳስጨነቅሃት ነገረችኝ። ምስኪን፣ የምትነግደውን ጨርቅ ተሸክማ ከሞጣ ቢቸና መመላለሷ ሳያንስ ያንተንም ጥያቄ ተሸክማ መጣች። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ከእሷ ሌላ ፖስታ ቤት የለንም። አልታመምሁም። ስለ ጋብቻ የጠየቅኸውን ዘልዬዋለሁ፤ መዝለሌን ግን እወቅልኝ። የታመመው ማሽኑ ነው።

የቱ ማሽን እንዳትለኝ። የጋሼ ከፋለ ጌም ቤት ተዘግቶ ቤቱ የኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። አጎታችን ሌላውን ዕቃ ሁሉ ሲሸጡ አንዱን ፕሌይስቴሽን ለእኔ ተዉልኝ። ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር፣ በእማዬ ነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አንድ ቀን እከፍተዋለሁ፤ የዚያን የባለካባውን ጨዋታ ሲዲ አስገባለሁ፤ ያቆምንበት ቦታ መኖሩን አይቼ እዘጋዋለሁ። ሌላ ምንም አልነካም። ባለካባው እዚያ ፎቅ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ከተማዋ ከእግሩ ሥር እስከ ባሕሩ ድረስ ተዘርግታ፣ የመጨረሻውን ሚሽን ሲጠብቅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ዘንድሮ ለጥምቀት ሰሞን ሆዴ ባብቶ ደግሜ ከፈትሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እየጮኸ ራሱን አጠፋ። ጠጋኙ ስጦታው ፈትቶ አየው፤ አቧራውን አራገፈለት፤ ማራገቢያውን ቀየረለት። ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ፣ «እት ስርጉት፣ ዋናው በሽታ ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ማስቀመጫ ዲስክ እየሞተ ነው። ያስቀመጥሽው ነገር ካለ ቶሎ ተገልገይበት፤ ከፋሲካ መድረሱንም እንጃ» አለኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ቅኔ ልትማር ወደ ሞጣ የሄድህ ቀን፣ አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ በመስኮት አንገትህን አውጥተህ የጮኽኸውን ታስታውሳለህ? «እታለም! በቢቸና ጊዮርጊስ ግዝት ነው! እኔ ሳልመጣ መጨረሻውን እንዳትነኪው!» መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ «ኧረ ምን አድርጋ ነው?» ስትል ሰማሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ዲያቆን ነበርህ። በጨዋታ ላይ ግዝት የጣለ ዲያቆን ካንተ በፊትም ካንተ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

ይኸው ጠበቅሁ። ማሽኑ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ሀብቴ፣ ወይ ና፣ ወይ ፍታኝ። እንዲሁ ተሰርዞ ከሚቀር መጨረሻውን ልየው።

እኅትህ ስርጉት


ሞጣ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታለም፤

የእግዚአብሔር ሰላም አይለይሽ። እኛ ቸሩ ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሳነብ ወለተ ገብርኤል «ምን ተገኝቶ ነው ብቻህን የምትስቅ?» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቴ ስሜ ባለግዝቱ ዲያቆን ሆኗል። አርሴማም «አባባ፣ ባለካባው መልአክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም፤ ግን ይበርራል» አልኋት፤ አልገባትም፤ እኔም በዚያች ዕድሜዋ ማስረዳቱ ከበደኝ።

ታስታውሳለህ ወይ ላልሽው፣ ምኑን እረሳዋለሁ? ጠዋት ከቅዳሴ ወጥቼ ስመጣ አንቺ በሩን ገርበብ አድርገሽ ትጠብቂኛለሽ። ተማሪዎቹ ለኳስ ጨዋታ እስኪመጡ ድረስ ማሽኑ የኛ ነው። ያን ሲዲ ማንም አልፈለገውም፤ ጋሼ ከፋለም በስሕተት ያመጡት ነው። ጆይስቲኩ ያንቺ፣ ንባቡ የኔ። የጣትሽ ፍጥነት እስካሁን ይደንቀኛል። እኔ ከመጽሐፍ በቀር እጄን ለምንም አላሠለጠንሁት።

የላክሽው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። ዐቢይ ጾም በር ላይ ቆሟል። እንኳን ቄስ ምእመኑም ከጨዋታ በሚርቅበት ወራት፣ እኔ ከሞጣ ተነሥቼ ጌም ልጫወት ብል ሰው ምን ይላል? መንገዱም እንደምታውቂው ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። መፍታቱስ ብትይ፣ የግዝት ነገር በደብዳቤ የሚወረወር አይደለም። የኔታ አካለ ወልድን ልጠይቃቸው ይገባኛል። እስከ ፋሲካ ታገሺኝ።

በይርጋነሽ በኩል ሞጣ ጌም ቤት ነበረ ወይ ብለሻል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ነበረ፤ አሁን ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ሆኗል። ቅኔ ቤት ሳለሁ ደጁንም አልረገጥሁም።

ለጋሼ ከፋለ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ ሀብተ ሥላሴ


ቢቸና፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀብቴ፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልህ። ጋሼ ከፋለ ደህና ናቸው፤ ጉልበቴ ብቻ ከበደኝ ይላሉ። ሰላምታህን ስነግራቸው፣ «ያ ልጅ የጨዋታውን ጠላት ቃል ሲያነብ ዛሬም የምሰማው ያህል ነው። ገድል የሚያነብ መስሎኝ ነበር እኮ ተነሥቼ የቆምሁት!» ብለው ሳቁ።

የጨዋታውን ከተማ በየሰፈሩ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። መሬቱ የሚያልቅበትን ገደል በሞጣ መንገድ ባለችው ከተማ ስም ጉንደ ወይን አልሁት፤ አንተ ደግሞ ባሕር ያለበት ጉንደ ወይን የት አለ ብለህ ተጣላኸኝ። እኔ ያን ጊዜ ከቢቸና ወጥቼ የማውቀው ደብረ ማርቆስ ድረስ ነው። እዚያ ከተማ ውስጥ ግን የፈለግሁበት እሄድ ነበር። አንተ «ሚሽኑን ጀምሪ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» ትለኛለህ፤ እኔ ሰገነት ላይ አርፌ ከታች የሚያልፈውን ሰው አያለሁ። ዣንጥላ የያዘችውን ሴት እከተላለሁ። ቤቷ አንድ ጊዜ እንኳ ስትገባ አላየሁም፤ ሁልጊዜ እየሄደች ናት።

የረቡዕና የዓርቡ ነገር ትዝ ይልሃል? ባለካባው ሲቆስል ሕይወቱ የሚመለሰው ያንን በሥጋ የተሞላ ዳቦ ሲበላ ነው። አንተ ደግሞ «ዛሬ ዓርብ ነው፤ አይበላም» አልህ። «እሱ እኮ ክርስቲያን መሆኑን አናውቅም» ብልህ፣ «የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ክርስቲያን ነሽ» አልኸኝ። በጾም ቀን ስንት ጊዜ እንደሞተብን መቁጠር አልችልም። እየወደቀም ዳቦው አጠገቡ ተቀምጦ ይታየኛል። ማንም ሰው ያን ጨዋታ በዚህ ሕግ የተጫወተ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልንገርህና አትፈር። መምህርት አገሬ፣ እንግሊዝኛ የምታስተምረዋ፣ ፈተና ልታባዛ መጥታ ሳለ ማሽኑን ከፍቼ ጨዋታው ሲጀምርም የሚወጣ አንድ ጽሑፍ አሳየኋት። በየሚሽኑ መጨረሻ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «አንተ የብርቱዎች ብርቱ፣ መንገድህ ገና ረጅም ነው፤ ወገብህን ታጠቅ» እያልህ የምታነብልኝን። አገሬ አየችውና «ለመቀጠል ቁልፉን ተጫን ነው የሚለው» አለችኝ። ሀብቴ! ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቤን ያስታጠቅኸኝ በዚህ ነው? ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ያንተን ንባብ አብልጬ እንደምወደው አወቅሁ።

አሁን ግን ቀልዱን ልተወው። ማሽኑ ባለፈው ቅዳሜ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሠራው። ለፋሲካ አይደርስም፤ ስጦታውም አይደርስም ብሏል። አንተ ከየኔታ መልስ እስክታመጣ ይሄ ነገር ከእጃችን ሊያመልጥ ነው።

ሌላም ልጠይቅህ፤ አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነው። በእማዬ ተዝካር መጥተህ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ «ሀብቴ፣ ና ጓዳ እንግባ፣ እንጨርሰው» አልሁህ። ፊትህን አዙረህ «መኪና ያመልጠኛል» ብለህ ሄድህ። መኪናህ ግን በማግስቱ ነበር፤ ጋሼ ከፋለ ቤት ማደርህን ሰምቻለሁ። ምን በደልሁህ?

ስርጉት


ሞጣ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ይርጋነሽ መንገድ ተዘግቶባት ጉንደ ወይን አምስት ቀን ተቀምጣለች። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እኔም ከደረሰኝ ሳምንት አለፈኝ። አርሴማን ትኩሳት ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። የኔታ አካለ ወልድም ወደ መርጡለ ማርያም ወጥተው አልተመለሱም።

ስለ ንባቡ አልፈርም። እንግሊዝኛዬ ከሦስት ቃል አንዱን ነበር የሚይዘው፤ የቀረውን ከማውቀው እሞላለሁ። የማውቀው ደግሞ ገድልና ድርሳን ነበር።

ምንም አልበደልሽኝም። ለዚያኛው ጥያቄሽ መልስ አለኝ፤ ለወረቀት ግን አይመቸኝም። እባክሽ ታገሺኝ።

ሀብተ ሥላሴ


ሞጣ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ይህን የምጽፈው መልስሽን ሳልጠብቅ ነው። ይርጋነሽ ነገ ትነሣለች፤ እኔም ዛሬ ካልጻፍሁ መቼም አልጽፈውም።

ዋሽቼሻለሁ። የጌም ቤቱን ደጅ አልረገጥሁም ያልሁሽ ውሸት ነው። በጾም ወራት፣ በገዛ እጄ፣ ለገዛ እኅቴ ጻፍሁት።

በ2007 ዓ.ም.፣ እዚህ ከመጣሁ ገና በዓመቱ፣ አንድ የገበያ ቀን በመናኸሪያው ሳልፍ ያ ዜማ ተሰማኝ። ባለካባው ከፎቅ ሲዘል የሚሰማው። እግሬ ተተከለ። ባለቤቱ የኔሰው የሚባል ደግ ሰው ነበር፤ «ግባ እንጂ ተሜ፣ ምን ደጅ ላይ ያቆምሃል?» አለኝ። ቤቱን ጠዋት ጠዋት ልጠርግለት፣ እሱም ደንበኛ እስኪመጣ ማሽኑን ሊተውልኝ ተስማማን። ከመጀመሪያው ጀመርሁ። እመኚኝ፣ ሚሽን ልሠራ አልነበረም። ቢቸና ናፍቃኝ ነበር። ወደ ቢቸና የሚወስደኝ ስላልነበረ አንቺ ስም ያወጣሽላቸውን ሰፈሮች ልዞር ገባሁ። ባለ ዣንጥላዋንም አገኘኋት። በየማዕዘኑ ያንቺ ድምፅ ነበረ፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይችን ልያት» የሚለው።

እንደምታውቂው እጄ ድውይ ነው። አንቺ በአንድ ትንፋሽ የምትሻገሪውን ድልድይ አርባ ጊዜ ወድቄበታለሁ። እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ወር እዚያች ፎቅ ጫፍ ላይ ደረስሁ። መጨረሻው ላይ። ግዝቱን የጣልሁት እኔ፣ ማቆም የነበረብኝም እኔ ነኝ። ቁልፉን ተጫንሁት።

አየሁት እታለም። እስከ መጨረሻው አየሁት። ሲያልቅ «አየሽ?» ልልሽ ወደ ቀኝ ዞርሁ። ወንበሩ ባዶ ነበር። የኔሰው ወዲያ ብርጭቆ እያጠበ፣ «አለቀ?» አለኝ። «አለቀ» አልሁት። ከእሱ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። ያን ቀን ያለቀስሁትን ልቅሶ እማዬ ስታርፍ አላለቀስሁም፤ ይህንም ስጽፍ አፍራለሁ።

በተዝካሩ ቀን ጓዳ እንግባ ስትይኝ፣ አጠገብሽ ተቀምጬ እንደ አዲስ መደነቅን ማስመሰል አልቻልሁም። ፊቴን አይተሽ ታውቂብኛለሽ። ስለዚህ ሸሸሁ። ከዚያ በኋላ ያመካኘሁት መንገድ፣ ያመካኘሁት ጾም፣ ያመካኘሁት የሰው አፍ ሁሉ ይኸው ነው።

አንድ ቀርቶኛል። የኔታ ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ፣ ዲያቆን ሳለህ ማሰርን ከየት አመጣኸው? ሥልጣኑ መቼ ተሰጠህና?» አሉኝ። መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር፤ ክህነት ከተቀበልሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንቺ በባዶ ነገር ታስረሽ እያየሁ ዝም አልሁ። ለምን ብትይኝ፣ ከጨረስሽው ከእኔ ጋር የሚያገናኘን አንድ ነገር የሚያልቅ መስሎኝ ፈራሁ።

ይቅርታ በሚገባው ልክ ለምኛለሁ አልልም።

ወንድምሽ


ቢቸና፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀሲስ ሀብተ ሥላሴ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የጻፉትን በሙሉ አንብቤዋለሁ። ልጅዎ በመዳኗ ደስ ብሎኛል። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሥራ አቀዝቅዘናል። ጋሼ ከፋለ ሰላም ብለዎታል። በዓሉን በሰላም ያድርስዎ።

ስርጉት


ሞጣ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

አንቱ ያልሽበትን ደብዳቤ ወለተ ገብርኤል አነበበችው፤ እንደ ቀድሞው አልሳቀችም። «ከዚህስ ብትሰድብህ ይሻልህ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስድብሽን ለምጄዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አድጌበታለሁ። ይህን ግን አልለመድሁትም።

ይርጋነሽን ምን አለችሽ ብዬ ጠየቅኋት። «ደብዳቤህን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ሥራዋ ዞረች» አለችኝ። ደግማችሁ አትነጋገሩም ወይ ብላ እሷም አዘነች።

የፈለግሽውን ልስጥሽ። የታሰረ ነገር ባይኖርም፣ አንቺ ታስሬያለሁ ብለሽ ስለኖርሽ ፍቺውም ሊነገርሽ ይገባል። ያን ቀን በአውቶቡስ መስኮት የተናገርሁትን ቃል አንሥቼዋለሁ። ተፈትተሻል። መምህርት አገሬን አጠገብሽ አስቀምጪ፤ እሷ በትክክል ታነብልሻለች። ጨርሺው። መጨረሻውን አንድ ቃል አልነገርሁሽም፤ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅሽ።

መጻፍ ካልፈለግሽ ባዶ ፖስታ ላኪልኝ፤ በሕይወት መኖርሽን አውቅበታለሁ።

ሀብቴ


ቢቸና፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀብቴ፤

ባዶ ፖስታ አለመላኬን ታየዋለህ። ብዙ የምጽፈው አለኝ፤ ተቀመጥ።

ማሽኑ ሞቷል። በፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ ነው። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ በኃይል መጣ፤ የጎረቤቴን ፍሪጅና የእኔን ማሽን አንድ ላይ ወሰደ። ስጦታው ከፍቶ ካየው በኋላ መፍቻውን አስቀምጦ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለኝ። ከዚያ በራሱ ንግግር ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም፤ ደነገጠ። ጋሼ ከፋለ በዱላቸው እየተረዱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «በቢቸና ለማሽን ለቅሶ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ ልጄ» አሉኝ። ባለካባው የለም። ያቆምንበት ፎቅ የለም። አሥራ አንድ ዓመት በየእንቁጣጣሹ አለ ወይ ብዬ የማየው ሁሉ ተሰርዟል። የፍቺ ደብዳቤህ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ነው።

አሁን የኔን ተራ ስማኝ። ዋሽቼሻለሁ ብለህ ሦስት ገጽ ጻፍህልኝ። እኔም ዋሽቼሃለሁ።

አንተ በሄድህ በዓመቱ የእማዬን ንስሐ አባት ጠይቄያቸው ነበር። «ዲያቆን አያስርም ልጄ፤ ሂጂ ተጫወቺ፣ ልጅ አይደለሽ» አሉኝ። እየሮጥሁ መጣሁ። ማሽኑን ከፈትሁ። ጆይስቲኩን ያዝሁ፤ አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ዘጋሁት። ግዝት ፈርቼ አይደለም፤ ግዝት እንደሌለብኝ ከአንተ ቀድሜ አውቃለሁ። ካለቀ የምትመለስበት ምክንያት አብሮ የሚያልቅ መሰለኝ። አንተ የፈራኸውን ያንኑ ፈርቼ፣ እኔ ቢቸና አንተ ሞጣ ሆነን፣ ሁለታችንም በአንድ ውሸት ስንጠባበቅ ኖርን። ወይ ና ወይ ፍታኝ ስልህ ሁለተኛውን የጨመርሁት ላስፈራራህ ነው። የፈለግሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። አንተ ደግሞ ሁለተኛውን መርጠህ ላክህልኝ።

ስለ የኔሰው ቤት ስታጫውተኝ ተናድጄ ነበር። አልደብቅህም፤ ወረቀቱን ልቀድደው ነበር። ለብቻው አየው አልሁ፤ ያንን የጠበቅሁትን ለብቻው አየው። አንቱ ስልህ ሊያምህ እንደሚችል አውቄ ነው ያልሁት፤ ስላመመህም ይቅርታ አድርግልኝ። የባዶውን ወንበር ነገር ግን ደጋግሜ አነበብሁት። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እኅቱን ፍለጋ ሦስት ወር ሙሉ ሰው ቤት እየጠረገ በማይችለው እጁ ድልድይ ለድልድይ ሲወድቅ ታየኝ። እንዲህ ፈልገኸኝ ሳለ እኔ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዤ አልፈለግሁህም። ይምጣ ብዬ ተቀመጥሁ። ሞጣ ባሕር ማዶ ያለች ይመስል።

ማሽኑ ከሞተ በኋላ ሁለት ቀን ምንም ሥራ አልሠራሁም። በሦስተኛው ቀን የመምህርት አገሬን ፈተና እያባዛሁ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝና ማባዣውን አቆምሁት። አንተ ያን ቁልፍ ባትጫነው ኖሮ እኮ ዛሬ መጨረሻው የትም የለም። እኔ ጋ ጠፍቷል። የኔሰው ቤት ሸቀጣ ሸቀጥ ሆኗል። ሲዲውን ስጦታው በማሽኑ ውስጥ ቀልጦ ነው ያገኘው። ከሁላችን የቀረው አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው። እንኳን ለብቻህ አየኸው ሀብቴ። እንኳንም የምትነግረው ሰው አላገኘህ፤ ሳይነካ ቆይቶልኛል።

አገሬን አስቀምጪ ብለህ መክረኸኛል። አልፈልግም። ለመቀጠል ቁልፉን ተጫን የሚለውን ንባብ ምን አደርገዋለሁ? የምፈልገው ያንተን ነው። የረሳኸው ካለ ሙላበት፤ ያላየኸው ካለ ጨምርበት፤ ጠላቱንም እንደፈለግህ አናግረው። አርሴማ አጠገባችን ትቀመጥ። የማይገባትን እኔ አስረዳታለሁ።

ሱቄን ለሦስት ቀን ዘግቻለሁ። ለጋሼ ከፋለ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እስከዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉኝ። ይርጋነሽ ሐሙስ ትነሣለች፤ ከጎኗ ያለውን ወንበር ይዛልኛለች። መንገድ ከተዘጋም እንደ እሷ ጉንደ ወይን እንቀመጣለን እንጂ አልመለስም። ይህን ደብዳቤ ግን እሷ አትይዘውም። አፍ ለአፍ ከሆነ ይቅርታዬን ሳልጨርስ ማልቀሴን ስለማውቀው፣ ሁሉን ጽፌ በራሴ እጅ ላቀብልህ ነው።

ስለዚህ አሁን ይህን የምታነበው ደጅህ ላይ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ቀና በል፤ ፊትህ ቆሜያለሁ።

እታለም